የምታነብ ሴት የተሳለችበት እንስራ

ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ወር ሆነኝ፤ እጄ ግን እስካሁን ከሥራ አልወጣም። ባለቤቴ ዘይነባ የሻይ ብርጭቆ ስትዘረጋልኝ፣ «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው፣ እኔ አነሳዋለሁ» እላታለሁ።

«ምነው፣ እጄ ቆሽሿል?» ትለኛለች።

አልቆሸሸም። ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የሠራሁበት ቤት ያስያዘኝ ልማድ ነው፤ እዚያ ከእጅ ወደ እጅ ምንም ነገር አይሰጥም። ያንን ሕግ አንድ ቀን ብቻ ጣስኩ። የምጽፈው ስለዚያ ቀንና ተከትሎት ስለመጣው ፍርሃት ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። መርካቶ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። በልጅነቴ ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣን ቀርቻለሁ፤ የአማርኛ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ትምህርቴ ይኸው ነው። ዴንቨር እንደገባን መጀመሪያ ኤርፖርት ዊልቸር ገፋሁ። ቀጥሎ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ገባሁ። ሴንትራል ፓርክ በሚባለው ሰፈር አዳዲሶቹ ቤቶች ሲሠሩ ከገባው ሶፋ ግማሹን እኔ የተሸከምኩት ይመስለኛል። ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንድ ሙዚየም በጽዳት ቀጠረኝ። ስሙን አልጠራም፤ ትንሽ ቤት ነው፤ ሰዎቹም አብዛኞቹ በሕይወት አሉ።

ዶረቲ ያገኘችኝ መወልወያ ይዤ ነው። ዶረቲ የዕቃ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች፤ የጥንት ዕቃ የሚያነሱ፣ የሚያሽጉና የሚያዛውሩ ሰዎች ሁሉ በእሷ ሥር ናቸው። ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ሌክውድ ከተማ ብቻዋን የምትኖር ሴት። አንድ ጠዋት ስወለውል ቆማ ስታየኝ ቆየችና ጠጋ አለች።

«የእንጨቱን ጫፍ ለምንድን ነው በመዳፍህ የሸፈንከው?»

«ወደ ኋላ ስስበው መስታወቱን እንዳይነካ ብዬ ነው።»

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ስለምፈራ ነው።»

«ደግ ነው፤ የሚፈራ ሰው እየፈለግኩ ነበር» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት ወደ እሷ ክፍል አዛወረችኝ።

ፈሪ ለእናቱ ይባላል። በዶረቲ ቤት ፈሪ ለማሰሮው ነበር። አንድ ዕቃ ከማንሳቷ በፊት የምትሄድበትን መንገድ ባዶ እጇን ሄዳ ትመለሳለች፤ በሩን ከፍታ ታስደግፋለች፤ ደፉ ላይ ስትደርስ «ደፍ» ትላለች፣ ለራሷ። ቀለበቷን፣ ሰዓቷንና አንገቷ ላይ የሚንጠለጠለውን መታወቂያ አውልቃ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ትከታለች። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ዕቃውን አንድ ደቂቃ ሙሉ ታየዋለች፤ ድሮ የተጠገነበትን ቦታ እየፈለገች ነው። ሸክላ ሲሆን የጨርቅ ጓንት አታስነካም፤ ያንሸራትታል። እጅ በሳሙና ይታጠብና ይደርቃል፤ አንዱ እጅ ከሥር፣ አንዱ እጅ ሆዱ ላይ። እጀታውን ይዞ ማንሳት ፈጽሞ የለም፤ እጀታ ሰውነቱ ከተሠራ በኋላ የተለጠፈ ነውና ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው። እኔ መጀመሪያ ሰሞን እንደ ቤቴ ጀበና እጀታውን ልይዝ ስል፣ «በጆሮው የሚነሳው ጥንቸል ብቻ ነው፤ እሱንም አታንሳው» አለችኝ።

ከሁሉ በላይ ግን ያቺ ሕግ። ዕቃ የያዘ ሰው ስፖንጅ መሳይ ፎም የተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ እጁን ይሰበስባል፤ ያኔ ሌላው ያነሳል። «በሁለት ሰው እጅ መካከል ያለ ዕቃ የማንም አይደለም። አንተ ሰጠሁ ብለሃል፣ እሱ ገና አልተቀበለም» ትል ነበር።

ይሄን ሁሉ በዓይኔ ተማርኩ። አንድ ነገር ግን ደብቄያት ነበር። እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። መናገሩን ተለማምጄዋለሁ፤ ቁጥር አውቃለሁ፤ ሣጥን ላይ ያለውን የቀስት፣ የብርጭቆና የዣንጥላ ምልክት አውቃለሁ። ጽሑፍ ሲመጣ መነጽሬን ቤት ረሳሁ እላለሁ። ወይም ወረቀቱን ይዤ ዓይኔን አመላልሳለሁ፤ ከዚያ እፈርማለሁ። ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ አሥራ ሁለተኛ የጨረሰችው ዘይነባ ታነብልኛለች። ሚስጥሩ የእኔና የእሷ ነበር፤ ልጃችን ሐናን እንኳ አታውቅም። በየቀኑ ፈራሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት።

ከጥንት ግሪክ የመጡ ጥቂት ሸክላዎች ነበሩን። ከመካከላቸው አንዷ ትንሽ እንስራ ናት፤ ቁመቷ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው። መደቧ ጥቁር፣ ሥዕሏ ቀይ። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥቅል ጽሑፍ በሁለት እጇ ዘርግታ ታያለች። ሌላ ሴት ፊት ለፊቷ ቆማለች። ይህቺን እንስራ ሊያዩ አንዲት ሽማግሌ ምሁር ከሌላ ስቴት መጡ። ግሪክ ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። ስማቸው ፕሮፌሰር ኤሌኒ ነው። እኛ ሰፈርም ኤሌኒዎች ነበሩ፤ ስሙ የግሪክ መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሳቸውም እንደ ጎረቤት እናት ስሜን ጠይቀው፣ ስንት ልጅ እንዳለኝ ጠይቀው ነው ሥራቸውን የጀመሩት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት የጥንት ግሪክ ሴቶች እንዴት ይማሩ እንደነበር ነው። እንስራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠንላቸው ለዶረቲና ለእኔ አጫወቱን።

«ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የሚልካቸው አልነበረም። ከእናታቸው ሥር ሆነው መፍተልና መሸመን ይማራሉ። ፊደል የቆጠሩም ነበሩ። አንዷ የጓዳዋን ንብረት ለመቆጣጠር፣ አንዷ ግጥም ለመጻፍ፤ ፍልስፍና የተማሩም አሉ። ስለ እነሱ የጻፉልን ግን አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ እኔ ሸክላውን ነው የምጠይቀው።»

«ጥቅሉ ላይ ፊደል አለበት?» አለች ዶረቲ።

«በሌሎች ሸክላዎች ላይ የሚነበብ አለ። እዚህ ላይ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው።»

እኔ እንግዳ ፊት አልናገርም ነበር። ያን ቀን አፌ ቀደመኝ። «ታዲያ እያነበበች መሆኑን በምን አወቁ? ይዛው የተቀመጠች ብትሆንስ?»

ሳቁ። «እንዴት ያለ ጥያቄ ነው። እሺ፣ የሚያስመስል ሰው ምን ያደርጋል?»

«ዓይኑን ከግራ ወደ ቀኝ ይወስዳል። ቶሎ አይገልጥም። ሲጨርስ ራሱን ይነቀንቃል» አልኳቸው።

ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉት። እኔ ጀርባዬ በላብ ራሰ። ዶረቲ ፊቴን አየት አደረገች።

ቀጥለው ከጎን የሚያበራ ትንሽ መብራት ቢገኝ አሉ፤ ሥዕሉ ሲነደፍ የተጫረው መስመር የሚታየው እንደዚያ ነው። ዶረቲ ልታመጣ ተነሳች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣ «እስክመለስ ማንም አይንካት» አለች። ለእኔ ነው ያለችው።

ሁለታችን ቀረን። ፕሮፌሰሯ የኋላውን እጀታ ማየት ፈለጉ። ጎንበስ ሊሉ ሞከሩ፤ ወገባቸው እምቢ አላቸው። ቀና ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉልኝ። «ሰይድ፣ እስቲ ወዲህ በላት» አሉኝ።

ቆይ ማለት ነበረብኝ። ቃሏ አጭር ናት፤ ለእናቴ እኩያ ግን ከአፌ አልወጣችም። እጃቸው አየር ላይ ነው። የሽማግሌ እጅ ተዘርግቶ እያየህ ዕቃውን ፊታቸው ማስቀመጥ፣ እኛ ዘንድ እንደ መወርወር ነው። አነሳሁ፤ እስከዚህ እንደተማርኩት ነው፤ አንዱ እጄ ከሥር፣ አንዱ ሆዷ ላይ። ከዚያ ያሳደገኝ ቤት ያስተማረኝን አደረግኩ። ግራ እጄን ከእንስራዋ አንስቼ የቀኝ ክንዴን ክርን ደገፍኩ፤ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰጠኋቸው። አንገቴን ስሰብር ዓይኔም አብሮ ወረደ። ያየሁት ጫማቸውን ነው።

ጣታቸው ስትነካት ተሰማኝና ለቀቅኩ። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ መሆኑን ያወቅኩት ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

የጠረጴዛውን ጠርዝ መታች። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ብስኩት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። እጀታው ብቻውን ተንከባለለ፤ እግሯ ተለየ፤ ከትከሻዋ መዳፍ የምታክል ስባሪ ወጣች። የተቀመጠችው ሴት ፊቷ አንደኛው ላይ፣ ጥቅሉ ሌላኛው ላይ ቀረ። ፕሮፌሰሯ ወንበር ላይ ወደቁና፣ «የእኔ እጅ ነው፣ የእኔ ጥፋት ነው» እያሉ አለቀሱ። ዶረቲ መብራቱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አልጮኸችም። «ማንም እግሩን እንዳያነሳ» አለችና በጉልበቷ ወርዳ ስባሪ መፈለግ ጀመረች።

በማግስቱ ግሬግ ቢሮው ጠራኝ። ግሬግ የዶረቲ አለቃ ነው፤ ወጣት፤ ሥራው እንዲፈጥን የሚፈልግ፤ ከዶረቲ ዝግታ ጋር ያልተስማማ ሰው። የአደጋውን ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ።

«አትጨነቅ ሰይድ። ወረቀቱ አንተን አይነካም። እዚህ ጋ ሳይን አድርግ።»

እስክሪብቶ አነሳሁ። መነጽር ረሳሁ እንዳልል አፍንጫዬ ላይ ነው። ዓይኔን ከግራ ወደ ቀኝ መውሰድ ጀመርኩ፤ መሀል ላይ ቆምኩ። አንተን አይነካም ነው ያለኝ። የሰበርኩት እኔ ነኝ። እኔን ካልነካ ማንን ነው የሚነካው?

«ነገ ጠዋት ላምጣው» አልኩት።

«ኦኬ፣ ነገ ጠዋት። ከዚያ አይለፍ» አለኝ።

ቤታችን ኦሮራ እስክደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤው ነበር። ዘይነባ ኩሽና ውስጥ ቆማ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ምን ይላል?»

«ዶረቲ እንግዳዋን ካልሠለጠነ ሠራተኛ ጋር ትታ ወጣች፤ ዕቃውን እንዲሰጣቸው ያዘዘችውም እሷ ናት ይላል። ምስክሩ አንተ ነህ።»

«አላዘዘችኝም። ማንም አይንካት ነው ያለችው።»

«ከፈረምክ ሴትዮዋን ያባርሯታል።»

«ካልፈረምኩ እኔን ያባርሩኛል» አልኩ። የዘይነባ ስኳርና ዓይኗ በእኔ ሥራ ኢንሹራንስ ነው የሚታከሙት።

ዘይነባ ወረቀቱን አጥፋ ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጠችው። «ዶረቲ ልጅ አላት?»

«የላትም።»

«ባል?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ ምን አላት?»

«ሥራዋ።»

ዘይነባ ሽንኩርቷን ወደ መክተፍ ተመለሰች። ሐናን ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታን ነበር። ኮሌጅ የገባች ልጅ ናት። «ዌይት። ባባ ማንበብ አይችልም?» አለች፤ እናቷን ነው የጠየቀችው፣ እኔን አይደለም። ከሁሉ ያሳመመኝ ያ ነው።

በማግስቱ ግሬግ ፊት ቆምኩ፤ ወንበር ሰጥቶኝ አልተቀመጥኩም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«አልፈርምም። ያልሆነ ነው የተጻፈው። ዶረቲ እንዳልነካ ነግራኛለች። አስተምራኛለችም። ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ። ሌላም አለ፤ እንግሊዝኛ ማንበብ አልችልም። እስከ ዛሬ የፈረምኩትን ሁሉ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።»

ግሬግ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። «ይህን ባትነግረኝ ይሻል ነበር» አለኝ። ከዚያ ያለ እኔ ምስክርነት ስለማይሆን ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ፤ ፕሮፌሰሯም በራሳቸው እጅ የሆነውን ጽፈው ላኩ። ዶረቲ በቦታዋ ቀረች። እኔ አልተባረርኩም፤ ዕቃ እንዳልነካ ተከለከልኩና አዳራሽ ጠባቂ ሆንኩ። የምመለሰው ዶረቲ ከፈረመች ብቻ ነው ተባለ።

ዶረቲ የምታመሰግነኝ መስሎኝ ወደ ማሸጊያ ክፍሏ ሄድኩ። ፎም እየቆረጠች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አዎ።»

«ላባ ያለበትን የድሮውን ሣጥን ማን ነው የከፈተው?»

«እኔ።»

«ክዳኑ ላይ ‹ድሮ ለብል የተነሰነሰ መርዝ፣ አርሰኒክ አለበት፤ ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አይከፈትም› ብዬ ጽፌ ነበር። በትልቁ፣ በቀይ።»

ቀይ ጽሑፍ መኖሩን አስታወስኩ። ለጌጥ መስሎኝ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ለመጠየቅ ፈርቼ ነው። በባዶ እጄ ነበር የከፈትኩት። ዶረቲ እጄን ይዛ መዳፌን ገልብጣ አየች።

«እንስራዋ ትጠገናለች። አንተን ገድዬህ ቢሆንስ? ከሚፈራ ሰው ጋር የምሠራ መስሎኝ በሰላም ስተኛ ኖርኩ። አንተ ለካ የምትፈራው ሌላ ነገር ነው» አለችኝ። «አልፈርምም። እንደዚህ ሆነህ አልፈርምም።»

ተቆጣሁ እንዳልል እውነቷን ነው።

ኦሮራ ውስጥ አንድ ላይብረሪ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ለእኔ ሥራ የሚመቸው የጠዋቱ ክፍል ብቻ ሆነ፤ እሱ ደግሞ የእናቶች ነው። የሶማሌ እናቶች፣ የሜክሲኮ እናቶች፣ የእኛም። ወንድ እኔ ብቻ። አጠገቤ የሚቀመጡት ወይዘሮ ብርሃኔ የሚባሉ ነበሩ፤ አዛውንት የሚጦሩበት ቤት የሚሠሩ፣ ጴንጤ፣ ቀልደኛ። የመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኛ ልጅ ስናሳድግ ነው ሳንማር የቀረነው። እርስዎ ምን ሲያሳድጉ ነው?»

«ፍርሃት» አልኳቸው።

«እሱስ አድጎልዎታል፤ ይዳሩት እንግዲህ» አሉኝ። ክፍሉም ሲተረጎምለት ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳ ላይ ስወጣ የምሳሳተው ያን ያህል አላስፈራኝም።

እንስራዋ ተጠግና ስትመለስ እኔ ከምጠብቀው አዳራሽ ውስጥ ተቀመጠች። ስንጥቁ በሴትየዋ ጉንጭና በጥቅሏ መካከል ይወርዳል፤ ለማያውቅ አይታይም። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቷ ቆሜ እውላለሁ። እውነት ታነባለች ወይስ ታስመስላለች የሚለውን ተውኩት። የማየው የቆመችዋን ሆነ። መጀመሪያ ሰው እንዳይመጣ የምትጠብቅላት ይመስለኝ ነበር። ክፍል ከገባሁ ወዲህ ግን ተራዋን የምትጠብቅ መሰለችኝ፤ ወይዘሮ ብርሃኔ ሲያነቡ እኔ የምቆመው እንደዚያ ነው።

እንዲህ እያልኩ ዓመት ከመንፈቅ ሄደ። አንድ ቀን ዶረቲ ወደ ማሸጊያ ክፍሏ አስጠራችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ገጽ ወረቀት አስቀምጣ እጇን ሰበሰበች። ወደ ሥራዬ የምመለስበት ፈቃድ ነው። የእሷ ፊርማ ከታች ሰፍሯል።

«አንተ ፈርምና ይለቅ» አለችኝ።

እጄ የለመደውን ሄደ፤ እስክሪብቶ አነሳ፣ መጨረሻውን ገጽ ገለጠ፣ መስመሩን አገኘ። ዶረቲ እስክሪብቶውን ነው የምታየው። ፊርማዬን ልጀምር ስል የድሮው ፍርሃት ተነሳ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለስኩ።

«ጊዜ ይወስድብኛል» አልኳት።

«ውሰድ።»

ቃል በቃል፣ ጣቴን ከሥሩ እያስሄድኩ አነበብኩ። ያልገባኝን ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አራት መስመር ስለዚያ ቀን ይናገራል። ስሜን አገኘሁ። የተነገረውን ሁሉ አፍርሼ በአንድ እጄ እንደሰጠሁ፣ ዓይኔም ከዕቃው ላይ እንዳልነበረ ተጽፏል። እኔው ራሴ ለግሬግ የነገርኩት ነው፤ ተጽፎ ሳነበው ግን ሌላ ሰው የመሰከረብኝ ያህል ፊቴ ጋለ። አላለፍኩትም፤ እንደገና አነበብኩት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ዶረቲ መቆም ደክሟት ነበር። የታሸገ ሣጥን ላይ ተቀመጠችና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ጨረስኩ። ፈረምኩ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ከፈረምኳቸው ወረቀቶች ሁሉ፣ ምን ላይ እንደፈረምኩ ራሴ አንብቤ ያወቅኩት የመጀመሪያው እሱ ነው።